ማን እንዳሞቀው የማላውቀው ወተት

እኔ መንፈስ አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እራት በልቶ እንደሆነ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው፣ ባዶ ሆድና ድካም ስንት ነገር እንደሚያሳይ በጾም ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሰይጣን መኖሩን መጽሐፍ ስለሚል አምናለሁ፣ መላእክትንም አምናለሁ፣ ነገር ግን አንዳቸውም ሥራ ፈተው የሰው ማሽን ሲነካኩ ይውላሉ የሚል ሰው ቢመጣብኝ፣ ከዚያ ምሽት በፊት ቢሆን ኖሮ፣ ጠበል ሂድ ብዬ እሸኘው ነበር። አሁን ግን ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምንም ሳልጨምር፣ እንዳየሁት።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፣ ብርዱ ራሱ ወተት የሚያሳድርበት አገር። የተማርኩትም የምሠራውም ወተት ማቀነባበር ነው። ጋምቤላ የመጣሁት ሴቶች ተሰባስበው ላቋቋሙት ትንሽ የወተት ቤት ሥራውን እንዳሳይ ተብሎ ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ብዬ መጥቼ ይኸው ከርሜ ቀረሁ፣ ሁሉም ቲቸር ይሉኛል። እዚህ ሙቀቱ የዋዛ አይደለም፣ ማታ የታለበ ወተት እንዲሁ ካደረ ጠዋት ተቆራርጦ ነው የምታገኙት፣ ስለዚህ የማታውን ወተት በዚያው ማታ አሙቆ ማቀዝቀዝ ግዴታ ነው።

አሙቆ ነው ያልኩት፣ አፍልቶ አላልኩም። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ወተት ሲፈላ ጣዕሙም ጠባዩም ይለወጣል፣ የኛ ሥራ በሽታውን ገድሎ ወተቱን ወተት አድርጎ ማስቀረት ነው። ለዚህ ደግሞ ዕቃው ብዙ ዓይነት ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ወተቱን ለቅጽበት እጅግ አግለው በካርቶን የሚያሽጉበት አላቸው፣ ያ ከፍሪጅ ውጭ ስንት ወር ይቆያል። ከዚያ ዝቅ ሲል ባለ ሳህኑ አለ፣ ቀጫጭን የብረት ገበታዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጣብቀው ይደረደራሉ፣ በአንዱ ገጽ ወተት በሌላው ገጽ ሙቅ ውሃ ይሮጣል፣ ወተቱ በአንድ በኩል ገብቶ ጥቂት ሰከንድ ግሎ በሌላ በኩል ይወጣል። የደኻው ደግሞ ጋኑ ነው። የማይዝግ ብረት ጋን፣ ግድግዳው ድርብ፣ በድርቡ መሃል በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ውሃ፣ ከላይ በሞተር የሚዞር ማማሰያ። ወተቱን ስድሳ ሦስት ዲግሪ ታደርሱና፣ ከዚያ ሳይወርድ፣ ማማሰያው ሳይቆም፣ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ታማኝ ነው።

እኛ ቤት ሁለቱም አሉ። ጋኑ ይሠራል። ባለ ሳህኑ በእርዳታ መጥቶ፣ የማይቆራረጥ መብራትና በኃይል የሚመጣ ንጹሕ ውሃ ስለሚፈልግ፣ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጥጉ ላይ ፕላስቲኩን እንደለበሰ ተቀምጧል። ልብ በሉ፣ ቧንቧ አልተቀጠለለትም፣ ገመድ አልተሰካለትም፣ የወተት መግቢያና መውጫው ከፋብሪካ በመጣበት ክዳን እንደተደፈነ ነው። አንድም ቀን ወተት አላለፈበትም።

ከምናወጣው ወተት መጀመሪያ የሚነሣው እናት የሞተችባቸው ሕፃናት የሚያድጉበት አንድ ቤት ድርሻ ነው። እዚያ አሪየት የምትባል የአኝዋ ልጅ አለች፣ መራመድ የጀመረች፣ ዓይኗ ከፊቷ የሚበልጥ። ይቺ ልጅ እናቷ ካረፈች ወዲህ ገንፎ ቢሏት፣ ፓስታ ቢሏት፣ ሙዝ ቢሏት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች። የምትቀበለው ወተት ብቻ ነው፣ እሱንም ጥሬውንና የዱቄቱን ትተፋዋለች፣ የኛን ብቻ። የጤና ባለሙያው ክንዷን በለካ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። እናም እኔ ወተት ባበላሸሁ ቀን አሪየት ጦሟን ነው የምትውለው፣ ይቺ ልጅ ደግሞ ጦም የምትውልበት ሥጋ አልነበራትም።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። በጾም ወተት አልቀምስም፣ በሙያዬ ደግሞ ሳይቀመስ የሚወጣ ወተት የለም፣ ስለዚህ በጾም ወራት የምላሴን ሥራ የምትሠራልኝ ኛቦል ናት። ኛቦል የኑዌር ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ የምታጠባው ሕፃን አላት፣ ቀልድ ደግሞ አያልቅባትም።

«ቲቸር፣ እግዚአብሔር ወተት ይጠላል እንዴ?» አለችኝ የዚያን ዕለት፣ ከቅዳሴ ስመለስ ነጠላዬን እያየች።

«አይጠላም። ሆዴን ነው የምቀጣው።»

«ሆድሽ ምን አደረገ? እሺ ግዴለም፣ ያንቺን ድርሻ እኔ እበላለሁ። ለጽድቅሽ ብዬ።»

እየተሳሳቅን ወተቱን ተረከብን፣ መረመርን፣ አጥልለን ጋኑ ውስጥ ገለበጥን። በጋኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ብየዳው የተወው ክብ መስመር አለ፣ ወተቱ ከዚያ መስመር አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ኛቦልም አይታለች። ክዳኑን ዘጋን። እኔ ከቅዳሴ መልስ ሽሮዬን በልቼ ጠግቤ ነው የመጣሁት፣ ይሄንንም ያዙልኝ። ውጭ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ከባሮ ማዶ ደመናው ጠቁሮ እየመጣ ነበር። የጋኑ ቴርሞሜትር ስድሳ ሦስት ሲል የስልኬን ማንቂያ ለግማሽ ሰዓት ሞልቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ጠርሙስ ወደ ማጠብ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ።

አምፖሉ ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ተንፍሶ ዝም አለ፣ የጎረቤት ሙዚቃ መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ዝናቡም የዚያኑ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ጥበቃችን ኦጁሉ ከበሩ ሆኖ «ቲቸር! ሄደ! ሰፈሩ ሙሉ ሄደ!» ብሎ ጮኸ።

«ጄኔሬተሩስ?»

«ነዳጅ የለውም። ነገ ይመጣል ብለዋል።»

«ይሄ ነገ የምትሉት መቼ ነው የሚመጣው?»

«ነገ ነዋ!» አለና ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፣ አሪየት ነበረች ፊቴ ላይ የመጣችው። ሙቀቱ ከወረደና ማማሰያው ከቆመ ወተቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው፣ ግማሽ መንገድ የሄደ ወተት ደግሞ አልዳነም፣ በዚያ ላይ እዚህ አገር እንዲህ ለብ ብሎ የተቀመጠ ወተት ለበሽታው ምቹ ፍራሽ ነው። በእጄ ላማስለው ብዬ እጄን በልብሴ ጠራረግሁ።

አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ የገባኝ ይሄኔ ነው። የጋኑ ማማሰያ በዞረ ቁጥር ኪው የሚል ድምፅ አለው፣ ከመልመዴ የተነሣ አልሰማውም። አሁን ሁሉም ድምፅ ሲጠፋ እሱ ብቻውን ቀርቶ ይሰማ ነበር። ኪው... ኪው... ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ።

«ቲቸር፣ ይሄ ለምን አይቆምም?» አለች ኛቦል።

«በነበረው ጉልበት ነው፣ አሁን ይቆማል» አልኳት፣ የማውቅ መስሎኝ። ጠበቅን። አልቆመም። ከሌላ መስመር መብራት እየገባ ይሆናል ብዬ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት፣ ገመዱን በእጄ እንደያዝኩ ማማሰያው ይዞራል፣ እመኑኝ፣ የሶኬቱን ሁለት ጥርሶች እያየሁ ማማሰያው ይዞራል። ወደ ቴርሞሜትሩ ሄድኩ። ድርቡ ውስጥ ያለው ውሃ ለጊዜው ሙቀት ይይዛል፣ ያን ያህል አውቃለሁ፣ ግን ቀስ እያለ መውረድ ነበረበት፣ ጥቂት እንኳ። ቀስቱ ስድሳ ሦስት ላይ የተቸነከረ ይመስል ነበር።

ከዚያ ኛቦል እጇን አነሣች፣ ዝም በይ እንደማለት።

ድምፁ ከጥጉ ነበር የሚመጣው፣ ፕላስቲክ ከለበሰው ባለ ሳህኑ ማሽን። መጀመሪያ ዝናቡ እያፈሰሰ መሰለኝ። ላም ስትታለብ የሰማ ሰው ግን አይስተውም፣ ባዶ ዕቃ ላይ የመጀመሪያው ወተት ሲያርፍ ጭርር፣ ጭርር ይላል፣ ብረቱን እያስጮኸ፣ ከዚያ ዕቃው ሲሞላ ድምፁ እየወፈረ አረፋ ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል። እንደዚያ ነበር። ጭርር አለ፣ ጭርር አለ፣ ቆይቶ ወፈረ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ አፍ ተገጥሞ የሚንጎራጎር፣ ቃል የሌለው።

«ሰው እያለበ ነው» አለች ኛቦል በሹክሹክታ።

«የምን ሰው?»

«ሴት ናት። እኛ ጋ ትልቅ ወንድ አያልብም። እንዲህ እያንጎራጎሩ ነው የሚያልቡት፣ ላሚቱ ወተቷን እንድትለቅ። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው።» ከዚያ ትንሽ አዳመጠችና «ግን ይሄ ለላም አይደለም» አለች። «ለላም እንዲህ ቀስ አይባልም። ይሄ ለልጅ ነው።»

ኦጁሉ የእጅ ባትሪውን ይዞ ሲገባ ልናገረው አፌን ከፈትኩ፣ መናገር ግን አላስፈለገኝም፣ ራሱ ሰምቶ ቆመ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁት፣ ቢቀልድ ደስ ባለኝ። በአኝዋኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጥጉ፣ ትልቅ ሰው እንደሚያናግር ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ ጠይቄው አልነገረኝም።

እኔ ማተቤን ጨብጬ ተጠጋሁ። ድፍረት አይደለም፣ ቤቱ በኔ ኃላፊነት ያለ ቤት ነው፣ ወተቱም የኔ ነው፣ እንዳላየሁ ሆኜ ልወጣ አልችልም ነበር። መዳፌን በፕላስቲኩ ላይ አሳረፍኩ። ብረቱ ትኩስ ነበር። የማሽን ትኩሳት አይደለም፣ የማሽኑን አውቀዋለሁ፣ ያቃጥላል። ይሄ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ነው፣ እርጥበት ያለው፣ ከውስጥ የሚመጣ። በገበታዎቹ መሃል አንድ ነገር ሲሄድ በመዳፌ ተሰማኝ። «በስመ አብ» ብዬ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፣ ጮክ ብዬ። ሰይጣን ከሆነ ይሸሻል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንጉርጉሮው አልሸሸም። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ፣ ጸሎት ሲሰማ ድምፁን እንደሚቀንስ ጨዋ ሰው፣ አሜን ስል እንደገና ቀጠለ። ከሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ቢሸሽ ማንነቱን ባወቅሁ ነበር።

ቆመን ጠበቅን። ሦስታችንም ለምን እንዳልወጣን አላውቅም።

ስልኬ መስኮቱ ላይ ጮኸ። ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ማማሰያው የዚያኑ ቅጽበት ቆመ፣ ጥጉም ዝም አለ፣ የቀረው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ሆነ።

«ጨረሰች» አለ ኦጁሉ።

ክዳኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ኦጁሉ በባትሪው አበራልኝ። ወተቱ የብየዳውን መስመር አልፎ፣ ከአፉ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከገለበጥነው በላይ ነው። እጅግ በላይ ነው። ማንም ምንም አልጨመረበትም፣ ክዳኑ ተዘግቶ ነበር፣ ባለ ሳህኑን ከጋኑ ጋር የሚያገናኘው አንዲት ክር እንኳ የለም።

ኛቦል ሳልጠይቃት በኩባያ ቀዳች፣ ልማዷ ስለሆነ ይመስለኛል እጇ ቀደማት። አቀዘቀዘችው፣ አፏን ነካ አደረገች፣ ከዚያ ኩባያውን አስቀምጣ ሌላውን እጇን ጡቷ ላይ አደረገች። ልብሷ ረጥቦ ነበር። የምታጠባ ሴት፣ ልጅ ሲያለቅስባት ወተቷ እንደሚወርድ ታውቁ የለ፣ እንደዚያ።

«ቲቸር፣ ይሄ የላም ብቻ አይደለም።»

«የምንድነው ታዲያ?»

«የሰው ነው። የሴት። የራሴን ቀምሼ አውቃለሁ፣ ይጣፍጣል፣ ቀጭን ነው። ተቀላቅሏል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ ለነዛ ልጆች ነው የሚሄደው አይደል? እናት ለሌላቸው?»

የማስበውን ልንገራችሁ፣ አትፍረዱብኝ። በሙያዬ ብትጠይቁኝ ያ ወተት ንጹሕ ነው። የሚገባው ሙቀት ደርሷል፣ የሚገባውን ጊዜ ቆይቷል፣ አንዳች ጉድለት የለበትም። መብራት በሄደበት ምሽት ልጆቹ እንዳይራቡ የሆነ ተአምር ነው ብዬ ብልክስ? እመቤታችን በጾሟ ወራት እናት የሌላቸውን አስባ ከሆነስ? እንቢ ማለቴ ክህደት ቢሆንስ? ደግሞ ሌላው ይመጣል፣ ሙት የሰጠውን ለሕፃን ማጠጣት ምን ይባላል? የማን ወተት ነው? ሊያበላ ነው የመጣው ወይስ ሊወስድ? አሪየት ጠዋት ባዶ ጽዋ ስታይ የምታለቅሰው ለቅሶ ደግሞ ከአሁኑ ይሰማኛል።

«ሙቀቱ ልክ ነው» አልኩ፣ ለራሴ ነው የምናገረው። «አሪየት ሌላ ነገር አትበላም።»

«ቲቸር፣ አንቺ ነሽ ኃላፊ» አለች ኛቦል። «እኔ ግን ለልጄ አልሰጥም።»

በዚህ አለቀ። ጋኑን ከታች ከፈትነው፣ ወተቱ በቦዩ ወጥቶ ከቤቱ ኋላ ካለው ጎርፍ ጋር ወደ ባሮ ወረደ። በኦጁሉ ባትሪ ስናየው ጎርፉ ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ነበር። ኛቦል ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እኔ አለቀስኩ፣ ለፈሰሰው ሳይሆን ለአሪየት።

ጠዋት መብራቱ ገና አልመጣም። ከማውቃት ላም አዲስ የታለበ ወተት ተቀብዬ፣ በእናቶቻችን ዘዴ፣ ድስት በድስት ውስጥ አድርጌ፣ በከሰል ላይ ቴርሞሜትር ይዤ፣ በእጄ እያማሰልኩ አሞቅሁት። ዓይኔን ከሱ አላነሣሁም። ቀዝቅዞ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አዘጋጅቼ የሄድኩት ንግግር ነበረኝ።

የቤቱ አሳዳጊ አኳታ ናት፣ ድምፀ ወፍራም፣ ልጆቹ ማሚ የሚሏት። በረንዳ ላይ አሪየትን ታቅፋ አገኘኋት። «ዘገየሁ፣ መብራት ሄዶ ነው» ብዬ ጽዋውን ለልጅቷ ዘረጋሁ። አሪየት አየችኝ፣ ጽዋውንም አየችው፣ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን አዞረች። ገንፎ ስንሰጣት እንደምታደርገው።

«ዛሬ ምን ነካት?» አለች አኳታ። «ሌሊቱን አንዴም አላለቀሰችም። ሆዷን እይ እስቲ።»

ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ጎንበስ ብዬ ስስማት አፏ ወተት ወተት ይሸታል፣ በአፏ ጥግ ደርቆ የቀረ ነጭ ነገር አለ።

«ማታ ምን አጠጣችኋት?»

«ከየት አምጥተን? ትናንት ያመጣሽው ቀን ላይ አልቆ ነበር። ማንም አልመጣም።»

ሌሎቹ ልጆች ያመጣሁትን ተሻምተው ጠጡት፣ ጨረሱት። እሷ ዝም ብላ ታያቸዋለች።

ይሄ ከሆነ ወዲህ ፍልሰታ ተፈታ፣ ዝናቡም ቆመ፣ ባለ ሳህኑ ማሽን ጥጉ ላይ እንደ በፊቱ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፣ በየቀኑ እነካዋለሁ። ኛቦል ሥራዋን አልተወችም፣ ግን ከእንግዲህ አትቀምስም፣ አልጠየቅኋትም። አሪየት ከማንም እጅ አልበላ ብላለች፣ ከኔም ከአኳታም፣ ወተቱንም ጭምር። ከሥራ ስወጣ አየት አደርጋታለሁ። ብርሃኑ ሲደክም ጨዋታዋን ትታ ወደ ግድግዳው ትዞራለች፣ ትንሿ እጇ ባዶ አየር ትጨብጣለች፣ ጉሮሮዋ ይንቀሳቀሳል፣ ደጋግሞ፣ እንደሚውጥ ሰው። የጤና ባለሙያው ምንም አያውቅም፣ ሲመጣ ክንዷን ለክቶ «ጎበዝ! ምን እየሰጣችኋት ነው?» ይላል። እኔና አኳታ እንተያያለን።

ለንስሐ አባቴ በስልክ ነገርኳቸው፣ ጸልዪ ልጄ አሉኝ። እጸልያለሁ። ጌታ ሆይ፣ ይሄን ነገር ከዚህች ልጅ አርቅልን ብዬ እጀምርና፣ የራቀ ቀን አሪየት ከማን እጅ ትበላለች የሚለው ይመጣብኛል። አቆየው እንዳልል ማን እንደሆነ አላውቅም። ጸሎቱን ሳልጨርስ አማትቤ እነሣለሁ።

ትናንት ሲመዝኗት ደግሞ ጨምራለች።